ብድር በምድር

«ብድር በምድር» የሚለውን አነጋገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። አበው ይህን ሲሉ ሰው ለሰው ያደረገው ደግም ሆነ ክፉ በዚሁ ዓለም ሳለ ይከፈለዋል ማለታቸው ነው። እኔ ግን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ይህንኑ ቃል በሌላ በኩል ልመልከተው ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ። አበዳሪዋ ራስዋ ምድር ብትሆንስ? በየዓመቱ በቆሎውን፣ ስኳር ድንቹን፣ ጎደሬውንና ቦሎቄውን ከእርስዋ ስንወስድ የምንወስደው ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ብድር ከሆነስ የምንከፍለው መቼና በምን ይሆን?

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ነገር አጭር ነው። ውሃ ከእኛ ከሄደ በኋላ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። በአፈር ውስጥ የሚገኘው የሰብል ምግብ ግን ሰው በእጁ ካልመለሰው በቀር ብዙው አይመለስም። የወላይታ እናቶች ይህን ነገር የሳይንስ መጽሐፍ ሳይነግራቸው ዐውቀው ዘመን ሙሉ ሠርተውበታል። ተምረናል ከምንለው ከልጆቻቸው መካከል ግን ብዙዎች ሥራውን ይንቁታል። ይህ ንቀት ካልቀረ አገራችን በልምላሜ መካከል የምትራብ አገር ሆና እንዳትቀር እፈራለሁ።

በክፍል ውስጥ የውሃ ዑደት ሲሣልልን ቀስቶች ክብ ሠርተው እናያለን። ፀሐይ የባሕሩን ውሃ ታተናለች፤ ተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፤ ደመናው ዝናም ሆኖ ይወርዳል፤ ዝናሙ ወንዝ ሆኖ ይሄዳል። ከዚያም ቀጥሎ የካርቦን፣ የናይትሮጅንና የፎስፎረስ ዑደት በተራ በተራ ይሣላሉ። ሁሉም ክብ ናቸው፤ ሁሉም ቀስት አላቸው። ሥዕሉ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ይሰውራል፤ ይኸውም ጊዜ ነው። አንደኛው ክብ በጥቂት ቀን ይዞራል፤ ሌላው አንድ ጊዜ ለመዞር ሚሊዮን ዓመታት ይፈጅበታል። ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ሁለቱን እኩል አድርጎ ቢሸመድዳቸው ማርክ አይቀነስበትም። ገበሬው ግን እኩል ናቸው ብሎ ቢያስብ ልጆቹ ጦም ያድራሉ።

እንግዲህ ከውሃው እንጀምር። ተን ከምድር ከተነሣ በኋላ በአየር ውስጥ የሚቆየው በአማካይ ከ8 እስከ 10 ቀን ነው። ከተማችን ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች፤ ተራራው ደግሞ ወደ 2,900 ሜትር ይደርሳል። ከሩቅ ውቅያኖስ የተነሣው እርጥብ አየር ይህን የመሰለ ደጋ ሲያገኝ ሽቅብ ይገፋል፤ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም በልግንና ክረምትን ዝናም ያወርድልናል። በሶዶ አካባቢ በአማካይ ዓመት የሚዘንበው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቊጥር አቅልለህ አትለፈው። በግማሽ ሄክታር መሬት ላይ 1,000 ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት 5 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ውሃ ማንም አልገዛውም፤ ማንም በአህያ ጭኖ አላመጣውም።

ይሁን እንጂ ውሃው ሲመለስ ባዶ እጁን አይመለስም። ወላይታ የሁለት ተፋሰስ መከፈያ ናት። በምሥራቅ በኩል የወረደው ዝናም ወደ ቢላቴና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ገብቶ አባያ ሐይቅ ይደርሳል። በምዕራብ በኩል የወረደው ወደ ኦሞ ይገባና መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። ልብ ብለን ካየነው ከሁለቱም ወገን አንዱም ባሕር አይደርስም። ቱርካና መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ አባያም ሲሞላ ወደ ጫሞ ቢፈስ እንጂ ከስምጥ ሸለቆው አይወጣም። ውሃው በዚያ በፀሐይ ይተንና እንደገና ደመና ይሆናል። የተሸከመው አፈር ግን ሊተን አይችልም፤ እዚያው ይቀራል። የአባያ ውሃ ቀልቶ የሚታየው በውስጡ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ስላልጠለለ ነው። ያ ቀይ ቀለም በከፊል የእኛ ኮረብታ ነው። በኦሞ በኩል ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት ግድብ ቆሟል። ቁመቱ 243 ሜትር፣ ኃይሉም 1,870 ሜጋ ዋት የሆነ ትልቅ ሥራ ነው። ከየተዳፋቱ ታጥቦ የሚሄድ አፈር እዚያ ሲደርስ ደለል ሆኖ ይተኛል። ስለዚህ በክረምት ቦዩ ቀልቶ ሲወርድ ያየ ሰው ውሃ ሲያልፍ ብቻ እንዳየ አይቊጠር፤ ርስቱ ሲሄድ አይቷል።

ቀጥሎ ካርቦንን እንመልከት። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን አየር ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። ቅጠል ግን ይህን ትንሽ ነገር ከአየር ስቦ፣ ውሃ ጨምሮ፣ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ስኳርና እንጨት ያደርገዋል። ዛፉ ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ ካርቦኑ ወደ አየር ይመለሳል። እንግዲህ ይህኛው ዑደት ዕድል ካገኘ ሊጠገን እንደሚችል እዚሁ በወላይታ ማስረጃ አለን። በሁምቦ ወረዳ ተራራው ተራቊቶ ሳለ የአካባቢው ገበሬዎች ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆነው በ1999 ዓ.ም. ገደማ 2,728 ሄክታር መሬት ከለሉ። ሥራው በአመዛኙ አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም። መጥረቢያውንና የከብቱን ልቅ ግጦሽ አቆሙ፤ ከመሬት በታች በሕይወት የነበረው ጉቶም ራሱ አቈጠቈጠ፤ እነርሱም ቅርንጫፉን እየመለመሉ አሳደጉት። ይህ ሥራ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት መዝገብ ገባ፤ በዓይነቱም ከአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ሥራ ሆነ። የዓለም ባንክም ዛፎቹ ከአየር ለሰበሰቡት ካርቦን ለገበሬዎቹ ማኅበራት ገንዘብ ከፈለ። ተራራው የሞተ ሲመስል ሥሩ ሕያው ነበር። ሰው ማድረግ የነበረበት ነገር እጁን መሰብሰብና መጠበቅ ነበር።

ናይትሮጅን የተባለው ደግሞ ጠባዩ የሚያስገርም ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ እርሱ ነው፤ ነገር ግን በቆሎ በዚህ ሁሉ ናይትሮጅን ተከብቦ ቆሞ ከናይትሮጅን እጦት የተነሣ ቅጠሉ ይገረጣል። በባሕር መካከል ሆኖ በውሃ ጥም እንደሚቃጠል መርከበኛ ማለት ነው። ናይትሮጅንን ከአየር ይዘው ለተክል በሚስማማ መልክ የሚያዘጋጁት በባቄላ፣ በአተርና በቦሎቄ ሥር ላይ ባሉ ትናንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ኮርች የተባለው እሾሃማ ዛፋችንም ከዚሁ ወገን ነው፤ ስለዚህም ቅጠሉ ለአፈር ጥሩ ምግብ ይሆናል። የሰው ልጅ በፋብሪካ ይህንኑ ሥራ ለመሥራት የቻለው ፍሪትስ ሀበር የተባለው የጀርመን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1909 መንገዱን ካገኘና ካርል ቦሽ በ1913 በፋብሪካ ደረጃ ካዋለው በኋላ ነው። ለዚህም ብርቱ ሙቀትና ከባድ ግፊት ያስፈልጋል። የቦሎቄ ሥር ግን በእኛ ጓሮ ያለ ጭስና ያለ ፋብሪካ ይሠራዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ እርሱም ፎስፎረስ ነው። ያለ ፎስፎረስ ዘር አይፈራም፤ አጥንት አይጸናም። ውሃ ተን ይሆናል፤ ካርቦንም ናይትሮጅንም አየር ይሆናሉ፤ ስለዚህ በነፋስ ተሳፍረው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ፎስፎረስ ግን በተፈጥሮ ወደ አየርነት ተለውጦ አይበርርም። መንገዱ ቊልቊል ብቻ ነው፤ ከድንጋይ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ሰብል ወይም ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ሐይቅ ወለል። ከሐይቅና ከባሕር ወለል ተነሥቶ እንደገና ተራራ እስኪሆን ድረስ የሚቈጠረው በሚሊዮን ዓመታት ነው። በዚያ ላይ ብዙው የወላይታ ቀይ አፈር ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት ነው። አፈሩ ኮምጣጣ በሆነ መጠን ያለውን ፎስፎረስ አጥብቆ ይይዝና ለሥር አልለቅም ይላል። ይህን ችግር የሚያውቅ ገበሬ መሬቱ «ደከመ» ይላል። የሳይንስ ሰው ረጅም ስም ይሰጠዋል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ታዲያ አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚህ አፈር ላይ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ኖሩ? መልሱ በእንሰት ጓሮ ውስጥ ነው። በወላይታ ገበሬ ቤት ከብቱ በአንድ ጣራ ሥር ከሰው ጋር ያድራል። በማለዳ እናት እበቱንና ጉዝጓዙን በቅርጫት ሰብስባ ወደ እንሰቱ ሥር ትወስዳለች። የምድጃ አመድ፣ የጎደሬና የስኳር ድንች ልጣጭ፣ የቤት ጥራጊ ሁሉ ወደዚያው ይሄዳል። እንሰቱ በዓመታት አድጎ ቆጮና ቡላ ይሆናል፤ በበጋ ሣር ሲደርቅም ቅጠሉ የከብቱ መኖ ይሆናል። ከብቱ እበት ይሰጣል፤ እበቱ እንሰት ይሆናል። ሰፊው ቅጠል የዝናሙን ጠብታ በአየር ላይ ስለሚሰብረው አፈሩ አይመታም፤ አይታጠብም። ስለዚህ ወላይታ ለቤቱ ዙሪያ ለም መሬት ዳርኩዋ፣ ከቤት ለራቀው ማሳ ሾካ የሚል የተለያየ ስም ሰጥቶታል። የሁለቱን አፈር በእጁ ዘግኖ ያየ ሰው ያለ መነጽር ልዩነቱን ያውቃል፤ የመጀመሪያው ጥቁርና ልል ነው፤ ሁለተኛው ቀይና ጠጣር ነው።

ይህን የቤተሰብ ዕውቀት ምሁራንም በሚዛን አረጋግጠውታል። ዶክተር ኢያሱ ኤልያስና ባልደረቦቻቸው በኪንዶ ኮይሻ የገበሬዎችን ማሳ መርምረው ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1998 አሳትመዋል። ወደ እያንዳንዱ ማሳ የሚገባውንና የሚወጣውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እንደ ነጋዴ ሒሳብ አስልተው ሲያዩት፣ ፍግ የሚያገኘው የእንሰት ጓሮ ሀብቱን ሲጠብቅ ከቤት የራቀው ማሳ ግን ናይትሮጅኑን እያጣ ሲሄድ አገኙት። እዚህ ላይ ግን እውነቱን መናገር ይገባል። የጓሮው ሀብት ከሰማይ አልወረደም። ከብቱ የበላው ሣርና አገዳ የመጣው ከሩቁ መሬት ነው። እናት በቅርጫትዋ የምትሸከመው የሾካን ሀብት ወደ ዳርኩዋ ነው። ስለዚህ የድሮው ዘዴ እንከን የለሽ ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን የመመለስን ሕግ ያውቅ ነበር፤ ይህም ከሁሉ ይበልጣል።

አሁን ግን የዘመኑ ኑሮ ክቡን በሦስት ቦታ በጥሶታል። መጀመሪያ፣ ሕዝባችን በዝቷል፤ ብዙ ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥ መሬት ይኖራል። ግጦሽ ጠፋ፤ ግጦሽ ሲጠፋ ከብት አነሰ፤ ከብት ሲያንስ ፍግ አነሰ። ሁለተኛ፣ የበቆሎው አገዳ በማሳ ላይ መቅረት ሲገባው ለማገዶ ይሄዳል። ሦስተኛውና በበኩሌ እጅግ የሚያሳስበኝ የከተማው ነገር ነው። ገጠሩ ወደ ሶዶ ይልካል፤ ሶዶም ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ትልካለች፤ የሚመልስ ግን የለም። በአንድ ኩንታል በቆሎ ውስጥ 1 ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጅንና 300 ግራም ያህል ፎስፎረስ አለ። እንግዲህ መቶ ኩንታል በቆሎ የጫነ አንድ የጭነት መኪና ከመንደር ሲወጣ ከሦስት ኩንታል ዩሪያ የሚበልጥ ናይትሮጅን ይዞ ወጣ ማለት ነው። የተከፈለው ዋጋ ግን የበቆሎው ብቻ ነው፤ የአፈሩን ዋጋ ማንም አላሰበውም። ያ በቆሎ ተበልቶ የሚቀረው ነገር ደግሞ በከተማ ጉድጓድ ይታፈናል፤ ወይም ከገበያ ጥራጊ ጋር ወደ ቦይ ተጥሎ በዝናም ይወሰዳል። በገጠር ሀብት የነበረው በከተማ ቆሻሻ ይባላል። ነገሩ ግን ያው አንድ ነገር ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ በዚህ ነገር ስንከራከር «ማዳበሪያ አለ አይደለም ወይ?» ይሉኛል። መልካም ጥያቄ ነው፤ በቅን መመለስ አለበት። ማዳበሪያ ለወላይታ አዲስ እንግዳ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ዋዱ የምንለው፣ ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን በብድር ለገበሬው አዳርሷል። እኔም ማዳበሪያን አልነቅፍም። የተራበ ሰው እንጀራ ከማን ቤት እንደ መጣ ሳይጠይቅ እንደሚበላ ሁሉ የተራበ ሰብልም ናይትሮጅኑን ከከረጢትም ከእበትም እኩል ይወስዳል። ዳሩ ግን ሦስት ነገር ማስተዋል ይገባናል። ማዳበሪያው በጅቡቲ ወደብ በኩል በውጭ ምንዛሪ ሲገባልን የኖረ ዕቃ ስለ ሆነ ዋጋው በእጃችን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በሩቅ አገር በዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ሁሉ ናረ፤ የእኛም ገበሬ ያላየውን የጦርነት ዕዳ ከፈለ። ደግሞም ዩሪያ ናይትሮጅን እንጂ ሌላ ነገር አይሰጥም፤ ብቻውን ሲደጋገምም አፈሩን ይበልጥ ያኮመጥጠዋል። ከሁሉም በላይ ከረጢቱ የበሰበሰ ቅጠል የለውም። ውሃን እንደ ሰፍነግ መጥጦ የሚይዘው በአፈር ውስጥ ያለው ብስባሽ ነው። ብስባሽ የሌለው ማሳ ያንን 5 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ተቀብሎ ማስቀመጥ አይችልም፤ ከነማዳበሪያው ወደ አባያ ይሸኘዋል።

የውሃው ነገርና የአፈሩ ነገር የሚገናኙት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ወላይታ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚባል መጥፎ ስም ወጥቶላታል። እንግዳ ሰው መጥቶ አገሩ ሁሉ ለምልሞ ያያል፤ በየቤቱ ግን ልጆች ይራባሉ። በ2000 ዓ.ም. ይህ ነገር በርትቶ ነበር። የበልግ ዝናም ጥቂት ሳምንት ሲዘገይ የደከመ አፈር ያጠራቀመው እርጥበት ስለሌለው ስኳር ድንቹና በቆሎው ይከስማሉ። ከዚያ በኋላ ዝናሙ ሲመጣ ቅጠሉ ሁሉ ይለመልማል፤ የሚበላ ፍሬ ግን ለመድረስ ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ዝናም ቀረ ብለን ሰማይን ብቻ መውቀስ አይበቃም። ሰማዩ ሲሰጥ የሚቀበል አፈር ነበረን ወይ ብለን ደግሞ መጠየቅ አለብን።

አሁን ስለ ንቀቱ ልናገር። ተማሪው ጫማውን አጥርቶ፣ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ እናቱ የእበት ቅርጫት ተሸክማ ብታገኘው መንገድ ቀይሮ የሚሄድ አለ። በትምህርት ቤታችንም «ፍግ ተሸካሚ» የሚል ቃል ለስድብ ሲውል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ ስድብ አስተዋይነት የጎደለው ነው። ተሳዳቢው ልጅ በፈተና ወረቀት ላይ «የንጥረ ነገር ዑደት ምን እንደ ሆነ አስረዳ» ተብሎ ቢጠየቅ ግማሽ ገጽ ጽፎ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ዑደቱን በጀርባዋ ተሸክማ የምታዞረውን ሴት ግን አላዋቂ ይላታል። ከእርስዋና ከእርሱ ሳይንስን በሥራ የሚያውቅ ማን ነው? ትምህርት እናታችንን እንድንንቅ ካደረገን ጉድለቱ በትምህርቱ ሳይሆን በእኛ አቀባበል ነው። ቅርጫቱን ለእናቶችና ለእኅቶች ብቻ የተወ ወንድ ልጅም ሸክሙን ቢጋራ ክብሩ አይቀንስም።

ነገር ግን ምክር ብቻ ሰጥቶ መሄድ የሰነፍ ጸሐፊ ሥራ ነውና ልናደርገው ይገባል የምለውን በግልጥ ላስፍር።

አንደኛ፣ አመድ አይጣል። በአመድ ውስጥ እንሰትና ሙዝ አብዝተው የሚፈልጉት ፖታሲየም አለ፤ የአፈርንም ኮምጣጣነት በመጠኑ ያበርዳል።

ሁለተኛ፣ ስለ አጥንት እናስብ። በጊፋታና በመስቀል በየሰፈሩ ስንት ሠንጋ እንደሚታረድ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ሠንጋ ዓመት ሙሉ ከሣሩ የሰበሰበው ፎስፎረስ በአመዛኙ በአጥንቱ ውስጥ አለ። እኛ ግን ሥጋውን በልተን አጥንቱን ለውሻ እንወረውራለን። አጥንቱ በደንብ ተቃጥሎ ቢወቀጥና ከፍግ ጋር ቢደባለቅ ቀስ በቀስ የሚሠራ ጥሩ የአፈር ምግብ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በየማሳው ዳርና በእርከኑ ላይ ኮርችና ሌሎች ናይትሮጅን የሚሰበስቡ ዛፎች ይተከሉ፤ በበቆሎውም መካከል ቦሎቄ ይዘራ። በእርሻ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ቶሎ ገንዘብ ቢያመጣም አጠገቡ ላለው ሰብል ውሃና ምግብ ይሻማልና ቦታው ይለይለት።

አራተኛ፣ የሞላ የመጸዳጃ ጉድጓድ በአፈር ተደፍኖ የፍሬ ዛፍ ይተከልበት። አቮካዶና ሙዝ ለዚህ አይሰንፉም። እርጥቡን ወደ ጎመን መደብ መውሰድ ግን በሽታ ያመጣልና ፈጽሞ አይገባም።

አምስተኛ፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት የገበያውን ጥራጊ ከፕላስቲክ ለይቶ ብስባሽ የሚሆንበትን ቦታ ቢያዘጋጅና እህል አራግፈው ባዶአቸውን የሚመለሱት ጋሪዎችና መኪናዎች ብስባሹን ወደ ገጠር እንዲወስዱ ቢያደርግ ክቡ ከተበጠሰበት ይቀጠላል። ይህ ወጪ አለው፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ታላላቆቻችን ይምከሩበት። ወጪው አፈር አጥቶ እርዳታ ከመጠበቅ ግን ያንሳል።

ስድስተኛውም የእኛው የተማሪዎቹ ድርሻ ነው። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ግቢ የሚጠረገው ቅጠልና ሣር በየሳምንቱ ሲቃጠል አያለሁ። በዚያ ጭስ ውስጥ ካርቦኑም ናይትሮጅኑም ይሄዳል። ያን ቅጠል በአንድ ጉድጓድ ብናከማቸው፣ የሳይንስ ክበብ አባላትም በተራ ቢያገላብጡትና ቢያጠጡት በጥቂት ወር ውስጥ ጥቁር አፈር ይሆናል። ሁለት መደብ እናዘጋጅ፤ በአንዱ ብስባሽ እንጨምር፤ ሌላውን እንዲሁ እንተወው፤ በሁለቱም ቦሎቄ እንዝራ፤ በመጨረሻም ምርቱን በሚዛን እንመዝን። ያን ጊዜ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ሚዛኑ ይመስክር። የሚቀጥለው ዓመት መጽሔትም ውጤቱን ከነቊጥሩ ያትመው።

በዚህ ሁሉ ንግግሬ ወደ ድሮ እንመለስ ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። ትራክተሩም፣ ምርጥ ዘሩም፣ ከረጢቱም ይምጣ፤ ኮምጣጣውን አፈር የሚያበርደው ኖራም ለገበሬው ይድረሰው። ነገር ግን አዲሱ ነገር የመመለስን ሕግ ሊሽረው አይችልም። ከባንክ የሚያወጣ እንጂ የማያስገባ ሰው ምንም የተማረ ቢሆን አንድ ቀን ባዶ ደብተር ይዞ ይቀራል። ለአፈርም የሚሠራው ሒሳብ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከእኛ ብዙዎቻችን ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ሌላ ከተማ መሄዳችን አይቀርም። ሰው ሥራ ወዳለበት ይሄዳል፤ ይህም ነውር የለበትም። ብዙ የወላይታ ልጅ የሚሰደደው ግን መሬቱ ጠብቦና ደክሞ ሊይዘው ስላልቻለ ነው። የአባት ግማሽ ሄክታር ለአምስት ወንድማማች ሲከፈል ስፋቱን መጨመር ማንም አይችልም፤ ለምነቱን መጨመር ግን ይቻላል። ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ የተበደርነውን እንክፈል። ዝናሙ በየዓመቱ ከሩቅ አገር ሳይጠራ ይመጣል፤ ፎስፎረስ ግን በእግሩ አይመጣም፤ የሚሸከመው ሰው ይፈልጋል። ቅርጫቱ በየቤታችን አለ፤ እጅ ብቻ ነው የጎደለው።